ለበሬ ሥጋ የሚገባ መጠጥ፤ የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ማዕድ ሲዳሰስ

ስለ ማዕድ ሥርዓት የሚጽፉ የምዕራብ ሰዎች ለበሬ ሥጋ የሚገባው መጠጥ ቀይ ወይን ነው ብለው ከወሰኑ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ውሳኔውም ባሕር ተሻግሮ መጥቶ በትልልቆቹ ሆቴሎቻችን የመጠጥ ዝርዝር ላይ እንደ ቀኖና ተቀምጧል። ሰንጋ ጥሎ ብልቱን በየስሙ መለየትን ከአባቶቹ የተማረው የኢትዮጵያ ሰው ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ከሥጋው አጠገብ ያቆመው ጠጅን፣ ጠላንና አረቄን ነበር፤ ወይን በአገራችን ከሁሉ አስቀድሞ የቤተ መቅደስ ነገር ሆኖ፣ ከዘቢብ ተዘጋጅቶ ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርብ እንጂ በግብር አዳራሽ በየዋንጫው የሚቀዳ አልነበረም። እንግዲህ በዚህ ዳሰሳ የሚመረመረው ጥያቄ ቀይ ወይንን ለጊዜው ወደ ጎን ብናቆየው የትኛው መጠጥ ከየትኛው የሥጋ አዘገጃጀት ጋር ይስማማል፣ ስምምነቱስ ከምን ባሕርይ ይመነጫል የሚል ነው።

ጥያቄውን በአዳማና ከእርሷ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ በተዘረጉት የሸለቆ ከተሞች ላይ ማየት የሚገባው፣ ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ተሰብስቦ የሚገኝበት ሌላ ስፍራ በአገራችን በቀላሉ ስለማይገኝ ነው። በቀድሞ አጠራሯ ናዝሬት የምትባለው አዳማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር በእርሷ በኩል አልፎ መንገደኛንና ነጋዴን ሲያሳርፍባት የኖረ ሲሆን፣ ዛሬም ጉባኤተኛውና የሳምንት መጨረሻ ተጓዡ ሥጋ ፍለጋ የሚወርደው ወደ እርሷ ነው። ከቦረና፣ ከአርሲና ከከረዩ ምድር የሚነዳው ከብት ወደ ገበያዋ ይደርሳል፤ በዙሪያዋ ያሉት የማድለቢያ ስፍራዎች ሻኛው የገዘፈውን የቦረና ወይፈን እየቀለቡ ወደ ውጭ አገር ይልካሉ፤ በአጠገቧ ያለችው ሞጆም በቄራዎቿና በቆዳ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ናት። መጠጡም እንዲሁ ከዚያው ምድር ይበቅላል፤ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ የአርሲን ገብስ ወደ ቢራ ብቅል ይለውጣል፤ አርሲ ነገሌ በአረቄዋ ስም አውጥታለች፤ ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ የምትባለው፣ የወይን ተክል አላት፤ ከግራሩ ዱር ደግሞ ማር ይቆረጣል።

ስለ መጠጡ ከመናገራችን በፊት ስለ ሥጋው መናገር ግድ ይላል፤ ምክንያቱም ሰዎች ስለ መጠጡ ሲከራከሩ እያንዳንዱ የሚያስበው ሥጋ የተለያየ ነው። በምዕራቡ ዓለም ስቴክ የሚሆነው የበሬ ሥጋ ከታረደ በኋላ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሁለትና ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሳምንት ይቆያል፤ በዚህም ጊዜ በሥጋው ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች የሥጋውን ክሮች ያላሉታል፣ የለውዝን የሚመስል ጠለቅ ያለ ጣዕምም ያሳድሩበታል። ቀይ ወይን የተመረጠለት እንዲህ በቆይታ ለበሰለ፣ ስቡ በውስጡ ለተዥጎረጎረ፣ ከጨውና ከቁንዶ በርበሬ በቀር ብዙ ቅመም ላልነካው ሥጋ ነው። በእኛ ሥጋ ቤት ግን ሌሊት በቄራ የታረደው ሰንጋ ጠዋት በመንጠቆው ላይ ይሰቀላል፣ ቀኑም ሳይመሽ ሻኛው፣ ዳቢቱ፣ ጎድኑ፣ ሽንጡና ጭቅናው ለየባለቤቱ ተከፋፍሎ ያልቃል። በግጦሽ ያደገ ከብት ሥጋው ቀይና ቀጭን ነው፤ ስቡ ከቀዩ ጋር ሳይዋሐድ በጮማነቱ ለብቻው ይቀመጣል፤ ጣዕሙም ትኩስና ጣፈጥ ያለ፣ የደም ጨው የሚሰማበት ነው።

ከዚህም በላይ ሥጋችን ብቻውን ወደ አፍ አይገባም። ቁርጡ አዋዜን፣ ሚጥሚጣንና ሰናፍጭን ይዞ ይመጣል፤ ጎረድ ጎረዱ በአዋዜና በተነጠረ ቅቤ ተለውሷል፤ ክትፎው ኮረሪማ የገባበት ቅቤ ጠጥቶ በሚጥሚጣ ተነክቷል፤ ጥብሱ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል አለበት። ስለዚህ መጠጡ የሚገናኘው ከበሬው ጋር ብቻ አይደለም፤ ከበርበሬው፣ ከቅቤውና ከፍሙ ጋር ሁሉ ይገናኛል፤ መላው ዳሰሳችንም የሚቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ጣዕምን ከጣዕም የሚያስታርቁት ሕግጋት ጥቂት ናቸው። ስብ በምላስ ላይ ሲጋደም የሚያነሣው ኮምጣጣነት፣ ምሬት ወይም የጋዝ ፍላት ነው። የበርበሬን ማቃጠል የሚያመጣው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር በውሃ አይሟሟም፤ በስብና በአልኮል ግን ይሟሟል፤ ሆኖም ብርቱ አልኮል ራሱ የትኩሳትን ስሜት የሚቀበለውን ነርቭ ስለሚያነቃቃ እሳቱን ያብሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ጣፋጭነት ግን ማቃጠሉን ያለዝበዋል። በፍም ላይ የተጠበሰ ሥጋ ያወጣው የቡናማነት መዓዛ ደግሞ ቆልቶ ወይም አጭሶ የተሠራን መጠጥ እንደ ዘመዱ ይቀበላል። በመጨረሻ የአየሩ ጠባይ አለ፤ በሞቃት አገር በቀትር የሚጠጣ መጠጥ ቀዝቃዛና ቀለል ያለ መሆኑ ራሱ የስምምነቱ ክፍል ነው።

በእነዚህ ሕግጋት ሲመዘን የቀይ ወይን ሥልጣን በእኛ ማዕድ ላይ የሚደክምበት ምክንያት ይገለጣል። ቀይ ወይን በውስጡ ታኒን የሚባል አንቆ የሚይዝ ንጥረ ነገር አለው፤ ታኒኑ ከሥጋ ፕሮቲንና ከስብ ጋር ሲገናኝ ይለዝባል፣ ሥጋውም ከአፍ ይጠራል፤ ይህ እውነት ነው፣ ቅመም ለሌለው ስቴክም ይሠራል። ነገር ግን ሚጥሚጣ ሲገባበት ታኒኑ ይሻክራል፣ አልኮሉም ማቃጠሉን ያበረታል፤ በአዳማ የቀትር ሙቀት በተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ሞቆ ሲቀርብ ደግሞ ከብዶ ምግቡን ይጫነዋል። ቀይ ወይን ክፉ መጠጥ ሆኖ አይደለም፤ የተቀመረው ለሌላ ሥጋና ለሌላ አየር ስለሆነ ነው።

በመጠጦቹ ተራ ቀዳሚነቱ የጠጅ ነው። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ጥሬ ሥጋችንም ስለ ማር ጠጃችንም ጽፏል፤ ከእርሱ በኋላ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ጥሬ ሥጋ የጻፈው በአውሮፓ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። በዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ ግብር ሲገባ ሹሙም ወታደሩም በየተራው እየገባ ቁርጡን በቢላዋ ሲቆርጥ፣ ጠጁ ከሥጋው ጋር አብሮ ይዞር ነበር። ጠጅ በዚያ ዘመን የነገሥታትና የመኳንንት መጠጥ ስለነበር ሥጋና ጠጅ በሕዝቡ ሐሳብ የክብር ጥንዶች ሆነው ቀሩ፤ በሠርግም በዓመት በዓልም ዛሬ ድረስ አልተለያዩም። በሸለቆው ያለው የኦሮሞ ሕዝብም ከማር የሚሠራውን መጠጥ ዳዲ ብሎ በክብር ያቀርባል።

ይህ ጥንድነት በልማድ ብቻ የጸና አለመሆኑን የጠጁ አጣጣል ይመሰክራል። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፣ የጌሾ እንጨት ይገባበታል፣ ከዚያ ለቀናት፣ በደጋ ደግሞ ለሳምንታት፣ ይብላላል፤ ማሩ ወደ አልኮል ሲለወጥ አሲድ ይፈጠራል፣ ጌሾውም ምሬቱን ይሰጣል። ስለዚህ በአንድ ብርሌ ውስጥ የበርበሬን እሳት የሚያለዝብ ጣፋጭነት፣ ጮማን የሚቆርጥ ኮምጣጣነትና ምላስን የሚያጸዳ ምሬት በአንድነት አሉ፤ አልኮሉም ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 11 በመቶ ስለሆነ ከወይን ቀለል ከቢራ ጠንከር ይላል። ትኩስ ሥጋ በቆይታ የሚያገኘው ጥልቀት የለውም፤ የማሩ መዓዛና የጌሾው ምሬት ይህን ጉድለት ይሞሉለታል። አዋዜውን ብዙ ባለሙያዎች የሚበጠብጡት በጠጅ ወይም በአረቄ መሆኑም የሚዘነጋ አይደለም፤ ቅመሙና መጠጡ ገና ከጓዳ ተዋውቀው ይመጣሉ።

ሆኖም ጠጅ ሁሉ አንድ አይደለም፤ በጠጅ ቤት ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ እየተባለ የሚለየውም በከንቱ አይደለም። ለስላሳው ብርቱ አዋዜ ላለበት ጎረድ ጎረድ ይስማማል፤ ማቃጠሉን ያስታግሣልና። ሰናፍጭና ጥቂት ሚጥሚጣ ብቻ ለያዘ ቁርጥ መካከለኛው የሚበልጥ የለም፤ ጮማው ለበዛበት ዳቢትና ሻኛ ግን ደረቁ ይመረጣል፣ ጣፋጭነትና ስብ ሲደራረቡ ሆድን ያሰለቻሉና። በቆላ ሙቀት ጠጅ ቶሎ ይብላላል፣ ቶሎም ይሆመጥጣል፤ ስለዚህ በአዳማና በመተሐራ ጠጅ የሚጥል ሰው ከደጋው ባለሙያ ይልቅ ቀኑን መቁጠር፣ ጋኑንም በጥላና በቀዝቃዛ ስፍራ መጠበቅ አለበት። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ማሩ ተወዶ ስኳር በቦታው ሲገባ ነው፤ የስኳር ጠጅ ጣፋጭነቱ ባዶ ነው፣ የማር መዓዛ የለውም፣ ከሥጋው ጋር የሚነጋገርበት ነገር አጥቶ ስካሩን ብቻ ያመጣል። ይህ ጸሐፊ አጥብቆ የሚለምነው አንድ ነገር ቢኖር፣ ለአንድ ኪሎ ቁርጥ ገንዘቡን የማይሰስት ተመጋቢ ከፊቱ የቀረበው ጠጅ ከማር የተጣለ መሆኑን ይጠይቅ ዘንድ ነው።

ጠላ፣ በኦሮሞ ዘንድ ፋርሶ የሚባለው፣ ከጠጅ ዝቅ ባለ ወንበር ቢቀመጥም ለአንድ ዓይነት ሥጋ ግን ወደር የለውም። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ እህሉ በምጣድ ተቆልቶ አሻሮ ይሆናል፣ ጌሾውም ቅጠሉ ተወቅጦ ይገባል። በዚህ ሥራ ጠላ የጢስና የተቆላ እህል ጣዕም ይይዛል፤ ይህም ጣዕም ቋንጣን፣ በፍም ላይ የተጠበሰ ጎድንንና ደረቅ ጥብስን ይቀበላል። አልኮሉ ጥቂት ስለሆነ፣ በተለይ ቀጭኑ፣ በሙቀት ጥምን ያረካል። ጠላ ወደ ሥጋ ቤት ብዙ አልገባም፤ ከቤትና ከድግስ አልወጣም፤ ስለዚህ የአዳማ እንግዳ ይህን ስምምነት የሚያገኘው በጓደኛው ቤት በበዓል ቀን ነው፣ ሥጋ ቤቶቹ ቢያስቡበት ግን የሚጠቅማቸው ነገር ነው።

ዛሬ በተግባር በሸለቆው ሥጋ ቤቶች ሁሉ የነገሠው ቢራ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በአገራችን ብዙ ጠማቂዎች ተነሥተዋል፤ በባቡሩና በአስፋልቱ ዳር ያሉት ከተሞችም፣ ከሞጆ እስከ አዋሽ፣ ከመቂ እስከ ሻሸመኔ፣ ድራፍቱን በጃምቦ እየቀዱ ከጥብሱ ጋር ያቀርባሉ። ቢራው ባዕድ መስሎ የሚታየው ሰው ወደ አርሲ ደጋ ይመልከት፤ ከአዳማ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ በምትገኘው አሰላ በ1984 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ብቅል ፋብሪካ የዚያኑ አገር ገብስ እያበቀለ ለጠማቂዎች ያቀርባል፤ ከብቱ የጋጠበት ምድርና ገብሱ የበቀለበት ምድር ጎረቤታሞች ናቸው።

የቢራ ኃይሉ በፍላቱና በጌሾ መሰል ምሬቱ ነው። በሸክላ ላይ እየተንጫጫ የሚመጣ ጥብስ ስቡ ቀልጦ በምላስ ላይ ሲቀመጥ፣ የቀዘቀዘው ድራፍት በጋዙ ጠርጎ ቀጣዩን ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ያደርገዋል፤ አልኮሉም 5 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ቃሪያውን አያባብስም። ነገር ግን የድራፍቱ ፍላት በሚጥሚጣ ለተነከረ ቁርጥ አይመችም፤ ጋዙ የተቃጠለውን ምላስ ይወጋልና፣ ለቁርጡ ጠጅ ይሻላል የምንለውም ስለዚህ ነው። በአንጻሩ ሁሉም ሰው ቀጭኑን ቢጫ ቢራ ብቻ ማዘዙ አንድ መልካም ነገር አስረስቶታል፤ እንደ ሐረሩ ሐኪም ስታውት ያለው ጥቁር ቢራ ብቅሉ ጠቁሮ የተቆላ ስለሆነ የቡናና የከሰል ጠረን አለው፣ በፍም ጠርዙ ከጠቆረ ወፍራም ስቴክና ከዘልዘል ጥብስ ጋር ሲገናኝም የቀይ ወይንን ሥራ ሙሉ በሙሉ ይሠራል። ለስቴክ ቀይ ወይን የለንም ብሎ የሚያፍር ሆቴል ጥቁር ቢራ ቢያቀርብ ኀፍረቱ በተነሣለት ነበር።

አረቄ የራሱ ሀገረ ስብከት አለው፤ እርሱም አርሲ ነገሌ ነው። በዚያች ከተማ ብዙ ሴቶች ከብቅል፣ ከጌሾና ከእህል ዱቄት ድፍድፍ እያዘጋጁ፣ በእንጨት እሳት እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ አረቄ ያወጣሉ፤ ከዚያም በጀሪካን እየተጫነ ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳል። ይህ ሥራ ብዙ ቤተ ሰብ ያስተዳድራል፣ ልጆችንም ያስተምራል፤ በሌላ በኩል ግን የሚበላው ማገዶ ብዙ በመሆኑ በሙኔሳና በሻሸመኔ ደን ላይ የሚያሳድረው ጫና ዘወትር የሚነሣ ጉዳይ ነው፣ ሴቶቹም ጢሱን ሲተነፍሱ ይውላሉ። አረቄውን የሚያወድስ ሰው ይህን ዋጋ አብሮ ማሰብ ይገባዋል፤ የተሻለ ምድጃና ማቀዝቀዣ ለእነዚህ እናቶች ማድረስ ከመጠጡ ምስጋና ይልቅ የሚያስከብረን ሥራ ነው።

ከሥጋ ጋር ስላለው ግንኙነት ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። ጮማው ከበዛ ማዕድ በኋላ በመለኪያ የሚቀዳ አረቄ፣ ከ40 በመቶ በላይ በሚደርሰው አልኮሉ ስቡን ከምላስ ያነሣል፣ የማዕዱንም ፍጻሜ ያውጃል፤ ይህ ስፍራው ነው። በምግቡ መካከል ሲገባ ግን ሚጥሚጣውን ያነድዳል፣ ምላስን ያደነዝዛል፣ የሥጋውን ጣዕም ይውጣል። ከዚህ የከፋው ደግሞ አረቄ ጥሬውን ሥጋ በሆድ ውስጥ ያበስለዋል፣ የኮሶውንም እንቁላል ይገድላል የሚለው የተስፋፋ እምነት ነው። እውነቱ እንዲህ አይደለም፤ የጠጡት አረቄ በጨጓራ ውስጥ ከምግቡና ከፈሳሹ ጋር ተቀላቅሎ ይቀጥናል፣ በሥጋው ውስጥ በከረጢቱ ተሸፍኖ ወደተቀመጠው የኮሶ ትል ጮርቃም ደርሶ ሊገድለው አይችልም። ትሉን የሚገድለው እስከ ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የደረሰ ሙቀት ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ቢያንስ 10 ቀን ማቆየት ነው፤ ጥሬ የሚበላ ሰው የሚታመነው በቄራው ሐኪም ምርመራና በማኅተሙ ላይ እንጂ በመለኪያው ላይ መሆን የለበትም።

ወደ ነጭ ወይን ስንመጣ ገና ያልተመረመረ ሀብት እናገኛለን። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ተክሎ በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ወይን በቀዩ ብቻ አይወሰንም፤ ከሻርዶኔ ፍሬ የሚጠመቀው ነጩ ስምጥ ሸለቆ፣ ነጩና ሮዜው አካሺያም አሉ። ከእርሱ በፊት ብዙ ዘመን የቆየው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካም በላይኛው አዋሽ ከሚለማው ወይን ክሪስታል የተባለ ነጭ ያቀርባል። ነጭ ወይን ለዓሣ ብቻ ነው የሚለው አባባል የጸናው በሐይቆቹ ዳር ዓሣ ስለሚበላ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ደረቅና ቀዝቃዛ ነጭ ወይን፣ ታኒኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በቅመም አይሻክርም፣ ኮምጣጣነቱም ቅቤን ይቆርጣል። ስለዚህ ቅቤው ለበዛበት ክትፎ፣ በተለይ ለለብለቡ፣ ከአይቡና ከጎመኑ ጋር ሲቀርብ፣ ከዚህ የሚሻል የወይን ዘር የለም ማለት ይቻላል። በክሬምና በቁንዶ በርበሬ መረቅ ለሚቀርበው የሆቴል ስቴክ ሻርዶኔው ይስማማል፤ ጣፈጥ ያለው አካሺያ ደግሞ ቃሪያ ለበዛበት ጥብስ ይሆናል። የባቱ ወይን ጠማቂ ከአዳማ ሥጋ ቤት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ ይህን ቢቀምር፣ ሁለቱም ወገን የሚያተርፍበት ነገር ይወጣ ነበር።

ስለ ቀሩት ብርቱ መጠጦች ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት ከሞላሰስ የሚሠሩት የአገር ውስጥ ጂንና ኡዞ በሥጋ ቤት ይጠጣሉ፤ ኡዞ የእንስላልን የሚመስል መዓዛው ለጮማ መልካም ቢሆንም የአረቄው ሕግ በእርሱም ላይ ይጸናል፣ በጥቂቱና በፍጻሜው። ውስኪ በብዙ ጠረጴዛ ላይ ጠርሙሱ ቆሞ የሚታየው ከጣዕሙ ይልቅ ለክብሩ ነው፤ በውሃ ከተቀጠነ የጢሱ መዓዛ ለፍም ጥብስ ይስማማል፣ ሳይቀጥን ግን ሥጋውን ያስረሳል።

ይህ ሁሉ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስል ወደ ጎረቤትና ወደ ሩቅ አገር ማየት ይበቃል። ኬንያውያን ኛማ ቾማ የሚሉትን የፍም ሥጋ የሚበሉት በቢራ ነው፤ ኮሪያውያን በጠረጴዛቸው ላይ የሚጠብሱትን የበሬ ሥጋ ሶጁ በተባለው የተጣራ መጠጥ ያወራርዳሉ፤ የቤልጅግ ሰዎች የበሬ ሥጋን በቢራ ውስጥ ቀቅለው በዚያው ቢራ ይበሉታል። ሥጋ በሊታ የሆነ ሕዝብ ሁሉ ምድሩ የሰጠውን መጠጥ ከከብቱ ጋር አጋብቶ ኖሯል፤ ቀይ ወይንም ቢሆን ወይን በሚበቅልበት ምድር እንዲሁ የተገኘ ጋብቻ ነው።

በሸለቆው ማዕድ ዙሪያ አልኮል የማይቀምሱ ብዙ ወገኖች እንዳሉ መርሳት ነውር ነው። በአዳማም ሆነ በሻሸመኔ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት መስቀል፣ የሙስሊሙ ጨረቃና ኮከብ አንጠልጥለው ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ሙስሊሙ ወገንም ሥጋን በማወቅ ከማንም አያንስም። ከላይ የዘረዘርናቸው ሕግጋት ለእርሱም ይሠራሉ፤ ያልፈላው የማር ብርዝ የአዋዜን እሳት እንደ ለስላሳ ጠጅ ያለዝባል፣ አምቦ ውሃ እንደ ድራፍት ስቡን ይጠርጋል፣ አልኮል የሌለባቸው የብቅል መጠጦችም የተቆላ እህልን ጣዕም ይሰጣሉ። ኦርቶዶክሳዊው ደግሞ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም 55 ቀን ከሥጋ ይታቀባል፤ ጾሙ ሲፈታ ከረጅም ትሕርምት የወጣ ሆድ በጥሬ ሥጋና በብርቱ መጠጥ በአንድ ሌሊት መመታቱ በየትንሣኤው ሕመምን የሚያስከትል ልማድ ስለሆነ፣ በዚያ ቀን ይልቁንም ቀለል ያለው ጠላና የበሰለው ሥጋ ይመከራል።

ልከኝነትም የስምምነቱ ሕግ እንጂ ከውጭ የሚጫን ቀንበር አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን የሚነበበው መጽሐፈ ሲራክ በልክ የሚጠጣውን ወይን ሲያመሰግን ስካርን አጥብቆ ይነቅፋል፤ ይህም የጣዕም ትምህርት ጭምር ነው፣ የሰከረ ምላስ ዳቢትን ከወርች መለየት አይችልምና። የአገሪቱ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የተዘረጋው ፈጣን መንገድ በ2014 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ሥጋ ለመብላት ወርዶ በዚያው ቀን መመለስ ቀሏል፤ ስለዚህ በመሪው ላይ የሚቀመጠው ሰው ብርዝ ወይም አምቦ ውሃ እንዲጠጣ የቡድኑ ሁሉ ሥርዓት ሊሆን ይገባል፣ ሌሎቹም ሲቀዳላቸው እርሱን አለማስጨነቅ የወዳጅነት ግዴታቸው ነው።

እንግዲህ ከዳሰሳው የሚወጣው ብያኔ ይህ ነው። መጠጥን የሚመርጠው የሥጋው ዘር ሳይሆን የሥጋው አያያዝ ነው፤ ለቁርጥ መካከለኛ ወይም ደረቅ ጠጅ፣ ለጎረድ ጎረድ ለስላሳ ጠጅ፣ ለክትፎ ደረቅ ነጭ ወይን፣ ለሸክላ ጥብስ ድራፍት፣ በፍም ለጠቆረ ስቴክና ለዘልዘል ጥቁር ቢራ፣ ለቋንጣ ጠላ፣ ከጮማ በኋላ ከአንድ መለኪያ ያላለፈ አረቄ። ይህን ሥርዓት ለማጽናት ከውጭ የሚመጣ ነገር አያስፈልግም፤ ማሩን ያልበረዘ ጠጅ ጣይ፣ ለጠላና ለጥቁር ቢራ ቦታ የሚሰጥ ሥጋ ቤት፣ ነጩን ወይን ከሥጋ ጋር ለማቅረብ የሚደፍር ሆቴል፣ ምን እንደተቀዳለት የሚጠይቅ ተመጋቢ ብቻ ያስፈልጋሉ። አዳማ በከብት መንገድና በማር አገር መካከል የተቀመጠች፣ ጉባኤ የማይለያት ከተማ እንደመሆኗ ይህን ትምህርት ለመላው አገር ልትሰጥ የሚቻላት ናት፤ የሥጋ ቤቶቿ ባለቤቶችም ከሥጋው ዋጋ ዝርዝር አጠገብ ለየብልቱና ለየአዘገጃጀቱ የሚስማማውን መጠጥ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፈው በመስቀል ሥራውን ነገ ሊጀምሩት ይችላሉ።